እቴጌ ጣይቱ እና የድስቱ ሒሳብ፦ ከእንጦጦ ግብር እስከ አድዋ ስንቅ

ላንጋኖ ቅዳሜ ሲደርስ በየካምፑ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ቤት ለ6 ሰው የምንሠራውን ወጥ እዚህ ለ40 ሰው እንዴት እንሥራው? አብዛኛው ሰው ስልኩን አውጥቶ ካልኩሌተር ይከፍታል። 40 ለ6 ሲካፈል 6.7 ገደማ ነው። በቃ፣ ሽንኩርቱም በርበሬውም ጨውም ውኃውም በ6.7 ይባዛል። ማታ ላይ ግን ወጡ ቀጥኖ፣ ጨው በዝቶበት፣ ሽንኩርቱ ሳይበስል ይቀርባል። ሒሳቡ ልክ ነበር፤ ወጡ ግን አልተሳካም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ድስት ማባዛት ብቻውን አይበቃውም። የሰው ብዛት ሲቀየር፣ ከፍታው ሲቀየር፣ አየሩ ሲሞቅ፣ አንድ ነገር ከገበያ ሲጠፋ ልኩም አብሮ ይቀየራል። ይህን ጉዳይ በአገራችን ታሪክ እንደ እሳቸው በትልቁ የተጋፈጠ ሰው ማግኘት ይከብዳል፦ እቴጌ ጣይቱ ብጡል።

ስማቸው ሲነሳ ሁላችንም አድዋንና ውጫሌን እናስባለን። ልክ ነው። ዛሬ ግን ታሪካቸውን በወጥ ቤቱ በር ገብተን እንየው። በዚህ በኩል የሚታይ ብዙ ነገር አለ፤ ደስ የሚለውም፣ የማይመቸውም። (ዓመቶቹን የጻፍነው በእኛ አቆጣጠር ነው።)

▪️ ከደጋ ወደ ደጋ

ጣይቱ የተወለዱት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ከስሜን መሳፍንት ወገን ናቸው። ስሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ አጎታቸው ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ደግሞ የጎንደር ሰው ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሲነሱ የውቤ ቤት ወደቀ፤ ቤተሰቡም ሥልጣኑን አጣ። ጣይቱ ያደጉት እንግዲህ ትልቅ ስም ባለው፣ ጉልበቱ ግን በተሰበረ ቤት ውስጥ ነው።

በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ እምብዛም ያልተለመደ ትምህርት አገኙ። ማንበብና መጻፍ ቻሉ፤ ግዕዝ ተማሩ፤ በገና ደረደሩ፤ ሰንጠረዥ ተጫወቱ። የባለሙያ ሴት ሥራውንም ያውቁት ነበር። የትልቅ ቤት እመቤት ሥራ በራስ እጅ ወጥ ከመሥራት ያለፈ ነው። እህሉ ስንት ነው? ማሩ ለስንት ቀን ይበቃል? ለጾም ምን ይቀመጣል? ለፋሲካ ስንት ይታረዳል? ዛሬ ማኔጅመንት የምንለው ነገር ያኔ የእልፍኝና የጓዳ ሥራ ነበር።

ከዚያ በፊት ከሌሎች ጋር ትዳር ይዘው ነበር፤ በ1875 ዓ.ም. ግን የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አንኮበር ላይ አገቡ። ጥቂት ቆይቶ ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ወጣ።

እዚህ ላይ ቆም እንበልና ከፍታውን እንየው። አንኮበር ከ2400 ሜትር በላይ ነው። እንጦጦ 3000 ሜትርን ያልፋል። ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ከዚያ በኋላ ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ 1585 ሜትር ላይ ባለችው ላንጋኖ ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው። አዳማ ትንሽ ከፍ ስለምትል 94 አካባቢ ይሆናል። አዲስ አበባ 92፣ እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ 90 ገደማ ነው።

ይህ ምን ማለት ነው? እንጦጦ ላይ ያለ ድስት የቱንም ያህል ቢንተከተክ ከ90 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። እሳት መጨመር ውኃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ ባቄላውን ቶሎ አያበስለውም። ሽምብራም፣ አተርም፣ የበሬ ሥጋም እዚያ ላይ ከላንጋኖ የበለጠ ሰዓት ይፈልጋል፤ የበለጠ ማገዶም ይበላል። የእንጦጦ ደን እያለቀ የሄደው ለማገዶ እና ለግንባታ እንጨት ሲቆረጥ ነው። አዲሲቱ ከተማ በማገዶ እጥረት ልትፈታ ደርሳ እንደነበር፣ በኋላም ባሕር ዛፍ መጥቶ እንዳተረፋት ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል።

ለእኛ የሚሆነው ቁም ነገር፦ የአዲስ አበባ እናታችሁ ሽሮ 40 ደቂቃ ከፈጀ ላንጋኖ ላይ ትንሽ ያንሰዋል። የላንጋኖን ሰዓት ይዛችሁ እንጦጦ ብትወጡ ደግሞ ጥሬ ትበላላችሁ። ደረቅ ባቄላና ሽምብራ ከሆነ ማታ ዘፍዝፋችሁ እደሩ፤ ሰዓቱንም ማገዶውንም ይቆጥብላችኋል።

▪️ ከ5000 በላይ ከብት፣ አምስት ቀን

እቴጌዋ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውኃ አካባቢ ቤት ማሠራታቸው፣ ቦታውንም አዲስ አበባ ብለው መሰየማቸው የታወቀ ነው። ጊዜው 1879 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በ1880 ዓ.ም. ገደማ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተመርቃ ትልቅ ግብር ተደገሰ። የድግሱ ኃላፊ ጣይቱ ነበሩ።

ግብሩ አምስት ቀን ቆየ። ይህን ድግስ ያጠኑ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት በሬው፣ ላሙ፣ በጉና ፍየሉ ሲደመር የታረደው ከ5000 በላይ ነው። እንጀራው፣ ጠጁ፣ ወጡ በዚያው ልክ ነው። ፍሪጅ የለም፣ መኪና የለም፣ ጋዝ የለም፣ ሚዛን እንኳ በየቦታው አንድ አይደለም። አንዱ አገር ቁና የሚለው መስፈሪያ ከሌላው አገር ቁና ጋር እኩል አልነበረም።

ታዲያ እንዴት ተቻለ? ቤተ መንግሥት አንድ ትልቅ ድስት አልነበረውም። ሥራው በቤት በቤት የተከፈለ ነበር፦ ወጥ ቤት፣ እንጀራ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ሥጋ ቤት፤ ለየቤቱም አዛዥ አለው። ጋባዧ እመቤት ደግሞ ሁሉም አንድ ሰዓት ላይ እንዲደርስ ታደርጋለች። ጠጅ የሚጣለው ከቀናትና ከሳምንታት በፊት ነው። የጤፍ ሊጥ የሚቦካው ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ነው። ቁሌቱ ከዋዜማው ይጀመራል። እርዱ ግን የዕለቱ ነው። የትልቅ ድግስ ምስጢር ይህ የሰዓት አደላደል ነው።

ለ40 ሰው ስትሠሩም ሕጉ ያው ነው፤ መጠኑ ብቻ አነሰ። እስቲ በዝርዝር እንየው።

አንደኛ፣ አንድ ግዙፍ ድስት ከመሙላት ሁለት ሦስት መካከለኛ ድስት ይሻላል። ድስቱ ሲተልቅ ውስጡ ያለው ምግብ ከላይ ካለው ስፋት አንጻር በጣም ይበዛል፤ እንፋሎቱ የሚወጣበት ቦታ ግን በዚያው ልክ አይሰፋም። ስለዚህ ምግቡን አምስት እጥፍ ስታደርጉ ውኃውን አምስት እጥፍ አታድርጉት። በሦስት ተኩል ወይም በአራት እጥፍ ጀምሩና እያያችሁ ጨምሩ።

ሁለተኛ፣ ጨውና በርበሬ። ሒሳቡ ከሚሰጣችሁ ሦስት አራተኛውን ብቻ አግቡ፤ ከዚያ ቅመሱ። መጨመር ይቻላል፤ መቀነስ አይቻልም።

ሦስተኛ፣ ሽንኩርት። 1 ኪሎ ሽንኩርት በ20 ደቂቃ ከተቁላላ 6 ኪሎ በ20 ደቂቃ አይቁላላም። የሚለቀው ውኃ እስኪተን ድረስ አይቁላላም፣ ይቀቀላል እንጂ። ሰዓቱን አስረዝሙት፣ ወይም ከፋፍላችሁ አቁላሉት።

አራተኛ፣ የላንጋኖ ወይም የባቱ ዓሣ ስትጠብሱ መጥበሻውን አትሙሉት። ብዙ ዓሣ በአንዴ ሲገባ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፤ ዓሣውም ዘይት ይጠጣል። ለ40 ሰው ስምንት ዙር መጥበስ ነው መፍትሔው።

ደግሞ ዶሮ ወጥን አስቡት። በባህላችን አንድ ዶሮ 12 ብልት ነው፤ ከ12 እንቁላል ጋር። ይህ በግራም ያልተሰፈረ፣ በሰው የተሰፈረ ሬሲፒ ነው። ማን ምን ብልት እንደሚበላ ሁሉ የታወቀ ነው። ለ24 ሰው ሲሆን ሁለት ዶሮ ይገባል። ምጥን ሽሮ የምንለውም እንዲሁ ነው፤ ስሙ ራሱ የተመጠነ ማለት ነው። አያቶቻችን ሚዛን ባይኖራቸውም ልክ ነበራቸው።

▪️ ግብር የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው

አሁን የማይመቸውን ክፍል እንናገር። በአማርኛ ግብር ድግስ ነው። ግብር ደግሞ ታክስም ነው። ቃሉ አንድ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ ወደ ቤተ መንግሥት ጓዳ የሚገባው ማር፣ ቅቤ፣ ከብትና እህል ገባሩ የሚያስገባው ነበርና። ንጉሥ ያበላል ይባላል። ንጉሡን የሚያበላው ግን ገበሬውና አርብቶ አደሩ ነው።

ይህችን ጽሑፍ የምታነቡባት ላንጋኖ ደግሞ የአርሲ አገር ናት። አርሲ ከ1874 ዓ.ም. ጀምሮ የምኒልክን ጦር ለዓመታት ተዋግቷል። በራስ ዳርጌ የተመራው ዘመቻ የአርሲን ጦር የሰበረው በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ሰው አለቀ፤ ብዙ ከብትም ተነዳ። የእንጦጦው ግብር የተበላው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው።

ስለዚህ የእቴጌዋን ችሎታ ስናደንቅ ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄ አብረን ማንሳት አለብን። አንዱን ጥያቄ ለሌላው ብለን መተው አይገባም። አንድ ሴት ያለ ስልክና ያለ ወረቀት ሥራ ይህን ሁሉ ሰው በሥርዓት ማብላቷ እውነት ነው። የዚያ ማዕድ ዋጋ በብዙ ሩቅ ቤቶች መከፈሉም እውነት ነው። ሬሲፒ ላይ የማይጻፈው የመጀመሪያው መስመር ይህ ነው፦ እቃው የማን ነበር?

▪️ ክፉ ቀን፦ በሬው ሲያልቅ

ግብሩ ከተበላ በኋላ ዓመት ያህል ቆይቶ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ከውጭ በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የከብት በሽታ መጣ። በሽታው ከሰሜን ወደ ደቡብ አገሩን አጠፋው። ከአገሩ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አልቻለም። ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና አባጨጓሬ ተከተለ። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ይህ ዘመን ክፉ ቀን ይባላል።

ቤተ መንግሥቱ ጎተራውን ከፈተ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈር ጀመሩ፤ መሬት በበሬ ብቻ ሳይሆን በእጅም እንደሚታረስ ለሰው ለማሳየት። ጣይቱ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ሲጫን እቴጌ ተብለው ዘውድ የደፉት በዚህ ረሃብ መካከል ነው። ከ5000 በላይ ከብት ያሳረዱት እመቤት አሁን የአንድ በሬ ዋጋ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አገር ላይ ነገሡ።

ወጥ ቤት ውስጥ ከማብዛት የሚከብደው ማሳነስና መተካት ነው። በእኛም ጓዳ፣ ክፉ ቀን ባይባልም፣ የቅቤና የእንቁላል ዋጋ ሲንር የሚመጣው ጥያቄ ይኼው ነው። አንዳንዱን እነሆ።

ቅቤ በዘይት ሲተካ፦ ያልተነጠረ ቅቤ ከመቶ 80 ገደማ ብቻ ነው ስብ፤ የቀረው አብዛኛው ውኃ ነው። ዘይት ግን ሙሉ በሙሉ ስብ ነው። ስለዚህ ኬክ ላይ 100 ግራም ቅቤ የሚል ካያችሁ 80 ግራም ዘይት ይበቃል፤ ትንሽ ውኃ ወይም ወተት ጨምሩበት። ንጥር ቅቤ ከሆነ ግን ውኃው ወጥቷልና በእኩል መጠን መተካት ይቻላል።

እንቁላል ሲጠፋ ወይም ጾም ሲሆን፦ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውኃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት። ሲያጥብቅ የአንድ እንቁላል ቦታ ይተካል። ለዳቦና ለብስኩት ይሆናል፤ ለስላሳ ስፖንጅ ኬክ ግን አያነሳም።

ጤፍ ሲወደድ፦ ገብስ፣ ማሽላ ወይም ሩዝ መቀላቀል የቆየ ዘዴ ነው። የውኃው ልክ ግን በየእህሉ ይለያያልና ውኃውን በአንዴ አትገልብጡት።

▪️ ውኃ የለሽ ምግብ፣ ውኃ የለሽ ምሽግ

በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛውና በጣሊያንኛው የተለያየ ትርጉም ይዞ ተገኘ። ጣሊያንኛው ኢትዮጵያን የጣሊያን ጥገኛ ያደርጋት ነበር። እቴጌዋ ውሉን አጥብቀው ከተቃወሙት ቀዳሚዋ ነበሩ። ነገሩ በንግግር አልተፈታም፤ መስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ታወጀ።

ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሠራዊት ከአዲስ አበባና ከየአገሩ ተነስቶ ወደ ሰሜን ተመመ። መንገዱ የወራት ነው። ጣይቱም የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘመቱ። ይህ ሁሉ ሰው ምን በላ?

እዚህ ላይ የአገራችን ሴቶች ጥበብ ይታያል። የስንቅ ሬሲፒ ሕጉ አንድ ነው፦ ውኃውን አውጣ። በሶ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ ሳይበስል በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ታሽቶም ይበላል። ድርቆሽ የደረቀ እንጀራ ነው። ቋንጣ የደረቀ ሥጋ ነው። ዳቦ ቆሎ የደረቀ ዳቦ ነው። ውኃው ሲወጣ ክብደቱ ይቀላል፣ ምግቡም አይበላሽም። ውኃውን መንገድ ላይ ካለው ወንዝ ትጨምሩበታላችሁ።

እኛ አካባቢ ያለው ጭኮ፣ በአፋን ኦሮሞ ጩኮ፣ የዚሁ ጥበብ ቁንጮ ነው። የአርሲ እናቶች የተቆላውን የገብስ ዱቄት ቅመም ባለው ንጥር ቅቤ ያሹታል። ውኃ ጠብ አይልበትም። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ሳይበላሽ የሚቆየው። ጭኮ ላይ ውኃ ጨምሮ ለማብዛት መሞከር ምግቡን ከነ ዕድሜው መግደል ነው። ላንጋኖ ካምፕ ስትወጡ ፍሪጅ ከሌላችሁ ከማንኛውም የታሸገ ምግብ ይሻላችኋል።

መቀሌ ላይ ደግሞ ሒሳቡ በተቃራኒው ተሠራ። ጣሊያኖች እንዳ ኢየሱስ ላይ ጠንካራ ምሽግ ሠርተው ነበር። ምሽጉን በጉልበት ለመስበር የተደረገው ሙከራ ብዙ ሰው አስጨረሰ። ውኃቸውን ከምንጩ መያዝ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከጣይቱ እንደነበር ይታወቃል። የእሳቸው ጦር ምንጩን ያዘ። ምሽጉ ውስጥ ያለው ሰው ውኃ በልክ በልክ እየተሰፈረለት ሁለት ሳምንት ያህል ቆየና ጥር ላይ ምሽጉን ለቆ ወጣ። ጓዳ የሚያስተዳድር ሰው አንድ ነገር ያውቃል፦ እህል ቢኖር እንኳ ውኃ ከሌለ ድስት የለም።

አድዋ ላይም ስንቅ የራሱን ድርሻ ተጫውቷል። የካቲት መጨረሻ ላይ የሁለቱም ወገን ስንቅ እያለቀ ነበር። ምኒልክ ለ100 ሺህ ሰው እህል ማግኘት እየከበዳቸው ሠፈሩን ለመንቀል እያሰቡ ነበር። የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲየሪም ስንቃቸው የቀረው ለጥቂት ቀን ነበር። ከሮም ግፊቱ በዛ፤ ጣሊያኖች የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ንጋት ላይ ገፍተው መጡ። ውጤቱን ዓለም ያውቀዋል። በዚያ ቀን ጣይቱ ያሰማሯቸው ሴቶች ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውኃ ሲያመላልሱ ዋሉ።

▪️ ምግብ በሒሳብ፦ እቴጌ ሆቴል

ከድሉ በኋላ አዲስ አበባ በውጭ ሰዎች ተሞላች። ዲፕሎማቱ፣ ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ መጣ። ማረፊያና ምግብ አስፈለገ። በ1898 ዓ.ም. ዛሬ ጣይቱ ሆቴል የምንለው እቴጌ ሆቴል ፒያሳ ላይ ተቋቋመ። በአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ነው። በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ በእሳት ተጎድቶ ነበር፤ ዛሬም ግን በቦታው አለ።

እንደሚነገረው መጀመሪያ ላይ የአገሩ ሰው ምግብ በገንዘብ መግዛት ነውር መስሎት ነበር፤ ምኒልክ ባለሟሎቻቸውን ይዘው እየሄዱ ከፍለው በመብላት አለማመዱት ይባላል። ተረቱን ትተን ቁም ነገሩን ብንይዝ ትልቅ ለውጥ ነው። በግብር ላይ ምግብ የሚታደለው በማዕረግ ነው። በሆቴል ግን ለሁሉም እኩል ሰሃን፣ ለሁሉም እኩል ዋጋ ነው። ልክ የሚለው ነገር ከአዳራሽ ወጥቶ ሰሃን ላይ አረፈ።

በዚያው ዘመን የፈረንጅ ምግብም መጣ፤ ኬኩ፣ ብስኩቱ፣ የኦቭን ዳቦው። ዛሬ በስልካችን የምናያቸው የኬክ ሬሲፒዎች አብዛኞቹ ለባሕር ጠለል የተጻፉ ናቸው። ላንጋኖ ላይ ተጋግረው መሐላቸው የሚሰምጠው ለዚህ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ከልክ በላይ ይነፋል፤ ኬኩ ሳይበስል ይነሳና ተመልሶ ይወድቃል። የአሜሪካዋ ዴንቨር 1600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከላንጋኖ ጋር እኩል ማለት ነው። እዚያ ያሉ ጋጋሪዎች የሚጠቀሙበት ማስተካከያ ለእኛም ይሠራል።

ቤኪንግ ፓውደር፦ ከእያንዳንዱ የሻይ ማንኪያ ከስምንት አንድ እስከ አራት አንድ ቀንሱ።

ስኳር፦ ከእያንዳንዱ ኩባያ እስከ 2 የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ።

ፈሳሽ፦ ለእያንዳንዱ ኩባያ ከ2 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፤ አየሩ ቶሎ ያደርቀዋልና።

እሳት፦ ኦቭኑን ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ከፍ አድርጉ፤ ሰዓቱን ግን ከተጻፈው ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ቀድማችሁ እዩት።

የእርሾ ሊጥ ከሆነ ደግሞ ላንጋኖ ሙቀትም ከፍታም ስላላት ቶሎ ይነፋል። እርሾውን ቀንሱ፣ ሰዓቱን ትታችሁ ሊጡን እዩ። እጥፍ ከሆነ በቃው። የእንጀራ ሊጥም እንደዚሁ ነው፤ አዲስ አበባ ሦስት ቀን የሚፈልገው እዚህ በሁለት ቀን ሊደርስ ይችላል።

መጋገሪያ ስትቀይሩም ተጠንቀቁ። 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ መጋገሪያ ከ20 ሴንቲ ሜትሩ በአንድ ተኩል የሚበልጥ ይመስላል። ስፋቱ ሲሰላ ግን ከእጥፍ በላይ ነው፤ 2.25 ጊዜ። ሰዓቱን የሚወስነው ደግሞ ክብደቱ ሳይሆን ውፍረቱ ነው። አንድ ዓይነት ውፍረት ያላቸው ሁለት ዳቦዎች ሰዓታቸው ይቀራረባል፤ ውፍረቱ እጥፍ የሆነ ዳቦ ግን ከእጥፍ በላይ ሊወስድ ይችላል። ድፎ ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ ከላይም ከታችም እሳት የሚደረግለት ለዚህ ነው። ያ ወፍራም ዳቦ ከታች ብቻ ቢጋገር መሐሉ ሊጥ ሆኖ ታቹ ያርር ነበር።

▪️ የተዘጋው በር

ምኒልክ ታመሙ። ሕመሙ ሲጸና መንግሥቱን በተግባር የያዙት ጣይቱ ነበሩ። የሸዋ መኳንንት ይህን አልወደዱትም፤ ለወገኖቻቸው ሹመት ያበዛሉ ብለው አሙአቸው። መጋቢት 1902 ዓ.ም. ከሥልጣን አራቋቸው፤ የታመመ ባለቤታቸውን ከማስታመም በቀር ሌላ እንዳይነኩም ተደረገ። ምኒልክ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ እቴጌዋ ወደ እንጦጦ ወጡ። ያ ሁሉ ሰው ተጋብዞ የበላበት ተራራ አሁን የብቸኝነት ቦታ ሆነ። በመጨረሻ ወደ ጎንደር ሄደው እዚያ እንዲያርፉ ጠየቁ፤ አልተፈቀደላቸውም። የካቲት 1910 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ አረፉ። አጽማቸው በኋላ አዲስ አበባ በሚገኘው በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ከምኒልክ ጎን ተቀመጠ።

ከዚህ ሕይወት እኛ የምንይዘው አንድ ነገር ነው። ልክ የሚባል ነገር ወረቀት ላይ ተጽፎ የሚያልቅ አይደለም። አንድ ቤት ውስጥ 5000 ከብት ልክ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ አንድ ቁራሽ እንኳ ብርቅ ሆነ። እንጦጦ ላይ ጥሬ የሆነ ባቄላ ላንጋኖ ላይ ይበስላል። ባለሙያ የሚባለው ሰው ቁጥሩን በቃሉ የያዘ ሳይሆን ዙሪያውን የሚያይ ነው፦ ስንት ሰው አለ፣ ቦታው ምን ያህል ከፍ ይላል፣ ምን ጎድሏል፣ ያለውስ ከማን መጣ?

እንግዲህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ላንጋኖ ላይ ለ40 ሰው ድስት የምትጥዱ ልጆች፣ ካልኩሌተሩን ክፈቱ፤ ችግር የለውም። ከዚያ ዝጉትና ማንኪያ አንሱ። ጨውን ቀንሳችሁ ጀምሩ፣ ድስቱን ለሁለት ክፈሉት፣ ዓሣውን በዙር ጥበሱት። ከአርሲ ነጌሌ ወይም ከባቱ ገበያ ስትገዙ ደግሞ የሸጠላችሁን ሰው ዋጋ አትከራከሩበት እስከማፈር ድረስ። ያ ሁሉ ማዕድ የሚጀምረው ከእነሱ ነው።